ለገበያ የቀረበ ፊት፦ ሬምብራንት ራሱን ለምን ሣለ?

የኔዘርላንዱ ሠዓሊ ሬምብራንት ፋን ራይን ከ1628 ገደማ አንሥቶ እስከ ሞተበት እስከ 1669 ድረስ የገዛ ፊቱን ደጋግሞ ሥሏል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቀለም የሣላቸው 40 ገደማ ይደርሳሉ፤ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ጭሮ በወረቀት ያተማቸው 31 ያህል ናቸው፤ ጥቂት የእጅ ንድፎችም አሉ። እነዚህን ፊቶች ከጎረምሳነት እስከ እርጅና በተርታ ደርድሮ እንደ ግለ ታሪክ ማንበብ የተለመደ ነው። ጎረምሳው ይኩራራል፣ ጎልማሳው ይበለጽጋል፣ ሽማግሌው ያዝናል፤ ሠዓሊውም በብሩሽ ኑዛዜውን ጽፎልን ሄዷል ይባላል። ንባቡ ልብ ይነካል፤ ማስረጃው ግን አይደግፈውም። እነዚህ ሥዕሎች ስለ ሬምብራንት ብዙ ይናገራሉ። የሚናገሩት ግን በአብዛኛው ስለ ሙያው ነው፦ ሥዕል ምን ያህል ክብር እንደሚገባው፣ እንዴትስ መሠራት እንዳለበት የነበረውን እምነትና በዚያ እምነት የከፈለውን ዋጋ። የሰውየውን ጠባይ የምናገኘውም በዚያው በኩል ነው።

የኑዛዜው ንባብ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ሬምብራንት በጽሑፍ ምን እንደተወልን ማየት ይበቃል። በእጁ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ የቆዩት ሰባት ብቻ ናቸው። ሁሉም ከ1636 እስከ 1639 ባለው ጊዜ የተጻፉት ለአንድ ሰው፣ የመስፍኑ የፍሬድሪክ ሄንድሪክ ጸሐፊ ለነበረው ለኮንስታንታይን ሃውኸንስ ነው። ጉዳያቸውም መስፍኑ ስላዘዛቸው የሕማማተ ክርስቶስ ሥዕሎች ነው፦ ሥራው ለምን እንደዘገየ፣ ሥዕሉ ብርሃን ባለበት ቦታ እንዲሰቀል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክፍያው መቼ እንደሚደርስ። ስለ ሚስቱ ሞት፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ኪሳራው ከእሱ አንደበት የተገኘ ቃል የለም። እንዲህ ዝም ያለ ሰው ሰማኒያ ያህል ጊዜ ዐይን ለዐይን ሲመለከተን ዝምታውን ራሳችን መሙላት ያምረናል። አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ይህን በደስታ አደረገው። አምስተርዳም ሐውልቱን ባቆመችበት በ1852 አካባቢ አውሮፓ ሠዓሊን የምትመለከተው ብቻውን እንደሚሠቃይ ባለ ልዩ ተሰጥዎ ነበር። ሬምብራንት የኖረበት ዘመን ግን ሠዓሊን የሚያየው በሌላ ዐይን ነው፤ ሥዕሎቹም የተሠሩት ለዚያ ዘመን ሰዎች ነው።

ከመነሻው እንጀምር። አምስተርዳም በሚገኘው የራይክስ ሙዚየም ያለው የ1628 ሥዕል በጣም ትንሽ ነው፤ ቁመቱ 23 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። የሃያ ሁለት ዓመቱ ሠዓሊ ብርሃኑን ከጀርባው አድርጎ አንገቱንና አንድ ጉንጩን ብቻ አብርቷል፤ ዐይኖቹ ጥላ ውስጥ ገብተዋል። የተንጨባረረውን ፀጉሩን ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ በብሩሹ እጀታ ጫፍ እየጫረ አውጥቶታል። ልቡን ሊገልጥልን የተቀመጠ ሰው ዐይኑን አይደብቅም። እዚህ ያለው ብርሃን በሰው ፊት ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን የሚፈትን ወጣት ነው፤ ለዚህ ፈተና ከሁሉ የሚረክሰው ሞዴል ደግሞ ራሱ ነው። ሁልጊዜ አለ፣ አይሰለችም፣ የቀን አበል አይጠይቅም። በ1630 በመዳብ የሠራቸው ትንንሽ የራስ ምስሎችም እንደዚሁ ናቸው። በአንዱ አፉን ከፍቶ ይጮኻል፣ በአንዱ ይስቃል፣ በሌላው ግንባሩን ቋጥሯል፣ በሌላው ዐይኑን አፍጥጦ ደንግጧል። በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ሁሉ ስሜት እየተፈራረቀበት ነበር ብሎ የሚሟገት የለም። ታሪክ ሠዓሊ ለመሆን የሚፈልግ ሰው ፍርሃትን፣ ቁጣንና ሳቅን በፊት ላይ ማሳየት መቻል ነበረበት። ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረው ሳሙኤል ፋን ሆኽስትራተን በ1678 ባሳተመው መጽሐፉ ወጣት ሠዓሊዎች መስተዋት ፊት ቆመው ራሳቸው ተዋናይ፣ ራሳቸው ተመልካች እንዲሆኑ የመከረው ከመምህሩ ቤት ያየውን ልማድ ይዞ ይመስለኛል። ሬምብራንት ፊቱን ለትርኢት ማዋሱን ከዚያም አልፎ ሄዶበታል። በ1630 በሠራው አንድ ሕትመት መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚለምነው የኔ ቢጤ የእሱን ፊት ይዟል። ሙኒክ ባለው መስቀሉን ሲያነሡ በሚያሳየው ሥዕል ደግሞ ከሰቃዮቹ መካከል ራሱን አቁሟል። ድሬስደን በሚገኘው ሥዕል ላይ በመጠጥ ቤት ብርጭቆ አንሥቶ የሚቦርቀው ጠፊው ልጅም እሱ ነው፤ ጭኑ ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ሳስኪያ ናት።

ሥዕሎቹ ተሥለው የት ሄዱ የሚለው ጥያቄ ከመልካቸው የበለጠ ይናገራል። በ1656 ሬምብራንት ዕዳውን መክፈል አቅቶት ንብረቱን ለአበዳሪዎቹ ባስረከበ ጊዜ የቤቱ ዕቃ ክፍል በክፍል ተቆጥሮ ተመዝግቧል። መዝገቡ 363 ተራ ቁጥር አለው፤ የራሱ ሥዕሎች፣ የሌሎች ሠዓሊዎች ሥራዎች፣ የሕትመት ጥራዞች፣ የጦር መሣሪያ፣ የእብነ በረድ ጭንቅላት፣ ዛጎል ሳይቀር ተጽፎበታል። የራሱ ምስል የሚባል ግን አንድም አልተመዘገበበትም። ለራሱ ብሎ የያዘው የሕይወት ማስታወሻ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ ቤቱ ውስጥ መገኘት ነበረበት። አልተገኘም፤ ምክንያቱም ተሸጦ ነበር። ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ የሣለው አንድ የራስ ምስል በ1630ዎቹ ከእንግሊዙ ንጉሥ ከቀዳማዊ ቻርልስ ስብስብ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ ሊቨርፑል ይገኛል። ንጉሡ የማያውቀውን የላይደን ወፍጮ ባለቤት ልጅ ውስጠ ልብ ለማወቅ ጓጉቶ አልነበረም። ስሙ መውጣት የጀመረ ሠዓሊ መልክ፣ በዚያው በራሱ እጅ የተሠራ፣ ለሰብሳቢ ሁለት ዕቃ በአንድ ዋጋ ነው፦ የዝነኛ ሰው ምስልም ነው፣ የዝናው ምክንያት የሆነው የእጅ ሥራ ናሙናም ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ ኤርንስት ፋን ደ ቬተሪንግ ለዓመታት የሞገቱት ይህንኑ ነው፤ እኔም በዋናው ነገር እስማማለሁ።

ይህን የሚያጸናልኝ የተማሪዎቹ ጉዳይ ነው። ሄግ ከተማ በሚገኘው የማውሪትስኸውስ ሙዚየም የነበረ አንድ የወጣትነት የራስ ምስል፣ አንገቱ ላይ የብረት ጥሩር ያደረገ ጎረምሳ፣ ከምርጥ ሥራዎቹ አንዱ እየተባለ ሲደነቅ ኖሯል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተደረገ ምርመራ ከቀለሙ ሥር ጥንቃቄ የበዛበት፣ ሌላ ሥዕል ተከትሎ የተነደፈ የመስመር ንድፍ ተገኘበት፤ ሬምብራንት ደግሞ እንዲህ አይነድፍም። ዋናው ሥዕል እስከዚያ ድረስ ቅጂ ሲባል የኖረው፣ ኑረምበርግ ያለው ሆነ። የሄጉ ከእሱ ዎርክሾፕ የወጣ ግልባጭ ነው። ሌሎችም እንዲህ ያሉ ቅጂዎች አሉ። እንግዲህ ጠይቁ፦ የሰው ኑዛዜ በሌላ እጅ ተገልብጦ ይሸጣል? የአንድ ዝነኛ ባለሙያ ምስል ግን ይገለበጣል፤ ፈላጊ እስካለው ድረስም ይባዛል። ለዘመናት ግልባጩ ፊት ቆመው የወጣቱን ሬምብራንት ነፍስ አየን ያሉ ተመልካቾችና ጸሐፊዎችም ያዩት የራሳቸውን ግምት ነበር ማለት ነው።

ገበያ ብቻ ነው ብዬ ግን አላቆምም፤ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ለገበያ ቀረበ የሚለው አለና። በዘመኑ ሥዕል የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር በሚባለው የሙያ ማኅበር ሥር የሚተዳደር የእጅ ሥራ ነበር፤ በዚያ ማኅበር ውስጥ መስታወት ሠሪውም ጥልፍ ጠላፊውም አሉ። ከአልፕስ ተራሮች ወዲያ ማዶ፣ በጣሊያን፣ እነ ራፋኤልና ቲሲያን ከመኳንንት ጋር ማዕድ ቆርሰው ነበር። ሬምብራንት የትኛውን እንደመረጠ በ1639 እና በ1640 በግልጽ ተናግሯል። በ1639 በብሬስትራት ጎዳና ላይ በ13,000 ጊልደር ሰፊ ቤት ገዛ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር አምስተርዳም ውስጥ በተደረገ ጨረታ ራፋኤል የሣለው የባልዳሳሬ ካስቲልዮኔ ምስል ለሽያጭ ቀረበ። ሬምብራንት ጨረታው ላይ ሆኖ በችኮላ ነደፈው፤ ንድፉ ላይም ሥዕሉ ስንት እንደወጣ ጻፈ፦ 3,500 ጊልደር። የገዛው አልፎንሶ ሎፔዝ የሚባል ነጋዴ ሲሆን፣ ይኸው ሰው በቲሲያን የተሣለ ክንዱን መደገፊያ ላይ ያሳረፈ ባለ ሰፊ እጅጌ ሰው ምስልም ነበረው። በዓመቱ ሬምብራንት ራሱን ሣለ፤ ሥዕሉ አሁን ለንደን ናሽናል ጋለሪ ነው። ክንዱን መደገፊያ ላይ አሳርፏል፣ ሰውነቱን አዙሮ ፊቱን ወደ እኛ መልሷል፣ የለበሰው ደግሞ በአምስተርዳም ጎዳና ማንም የማይለብሰው፣ መቶ ዓመት ያለፈበት ልብስ ነው። ሁለቱን የጣሊያን ሥዕሎች አዋሕዶ በመካከላቸው ራሱን አስቀምጧል። ከ1630ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሥራው ላይ የሚፈርመው «ሬምብራንት» ብሎ በመጠሪያ ስሙ ብቻ መሆኑም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ በመጠሪያ ስማቸው ብቻ የሚታወቁት እነ ራፋኤልና ቲሲያን ነበሩ። የወጪው ዋጋ መጻፉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ያን ቁጥር ያስታወሰ ሰው የሚያስበው ሥዕል ምን ያህል ያወጣል ብቻ ሳይሆን ሠዓሊ ምን ያህል ይገባዋል ብሎም ነው።

አሁን ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል። የወጣትነቱን ለገበያና ለሹመት ብንተወው እንኳ፣ የእርጅናው ፊት፣ ያ የተሸበሸበ ግንባር፣ ያ ከዐይን ሥር ያበጠ ሥጋ፣ ሚስቱንና ልጆቹን የቀበረ፣ ቤቱን የተነጠቀ ሰው ኀዘን ካልሆነ ምንድን ነው? ተቃውሞው የሚደገፈው በዘመን አቆጣጠር ስለሆነ በዘመን አቆጣጠር ይፈተን። ሳስኪያ የሞተችው በ1642 ነው፤ ኀዘኑን የሚገልጡ የራስ ምስሎች በዚያ ሰሞን መጉረፍ ነበረባቸው። በዚያ ዐሥርት ሁለተኛ አጋማሽ ግን በቀለም የሠራው የራስ ምስል ጥቂት ነው፤ በ1648 በመዳብ የሠራው አንዱም መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ሥራውን የሚሠራ ተራ ልብስ የለበሰ ባለሙያ ነው። በ1658 ቤቱ በጨረታ ከገዛበት ባነሰ ዋጋ ተሸጠ። የዚያ ዓመት የራስ ምስል ኒው ዮርክ በሚገኘው በፍሪክ ስብስብ ውስጥ አለ፤ ቁመቱ ከ1.30 ሜትር ይበልጣል። ሬምብራንት ወርቃማ ልብስ ለብሶ፣ በእጁ ዘንግ ይዞ፣ እንደ ንጉሥ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ሥዕሉ የቀን ማስታወሻ ከሆነ ያ ቀን ዋሽቷል። በ1660ዎቹ መጀመሪያ የሠራውና ኮሎኝ የሚገኘው ደግሞ ወደ ኋላ ዞሮ የሚስቅ ሽማግሌ ነው። ዛሬ የሚታመንበት ትርጉም እንደሚለው ሬምብራንት እዚያ ላይ የጥንቱ ግሪካዊ ሠዓሊ ዜውክሲስ ሆኗል፤ አስቀያሚ አሮጊት እየሣለ ሳቁ ገደለው የሚባልለት ማለት ነው። የመጨረሻ ተማሪው አርት ደ ኸልደርም በ1685 ራሱን በዚያው ታሪክ ውስጥ መሣሉ ትርጉሙን ያጠናክራል። በ1661 ደግሞ ሰይፍና ብራና ይዞ ሐዋርያው ጳውሎስ ሆኗል። ንጉሥ፣ ሐዋርያ፣ በሳቅ የሚሞት ሠዓሊ፤ ሁሉም የተሣሉት ንብረቱን ለአበዳሪዎቹ ካስረከበ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ኀዘኑን አስቀድመን ከሕይወት ታሪኩ አንብበን መጥተን ነው ፊቱ ላይ የምናገኘው።

ይሁንና ተቃውሞው አንድ እውነት ይዟል። ሽብሽቡን ማንም አላስገደደውም። የዘመኑ የምስል ሠዓሊ ቆዳ ማለስለስ ያውቅበታል፤ ደንበኛም የሚከፍለው ለዚያ ነበር። ሬምብራንት ለራሱ አላደላም። እንዲህ መሆኑ ግን ወደ ሙያው የሚመልሰን ነው፣ ምክንያቱም በ1650ዎቹና በ1660ዎቹ የቆዳ ጉዳይ የክርክር ጉዳይ ሆኖ ነበር። የአምስተርዳም ባለ ጸጎች ጣዕም ወደ ለስላሳና ብሩህ ሥዕል ዞሯል። ባርቶሎሜዎስ ፋን ደር ሄልስት በዚያ መንገድ ገነነ፤ የሬምብራንት ተማሪዎች የነበሩት ኾፈርት ፍሊንክና ፈርዲናንድ ቦል ሳይቀሩ የመምህራቸውን መንገድ ትተው ተከተሉት፣ ደንበኛም አገኙ። መምህሩ ወደ ተቃራኒው ሄደ። ቀለሙ ወፈረ፣ የብሩሹ ምት ሸካራ ሆነ፣ በቢላና በጣት ጭምር የሚሠራበት ጊዜ በዛ። ለአዲሱ የከተማ አዳራሽ የሠራው ግዙፍ ሥዕል በ1662 ተሰቅሎ ብዙም ሳይቆይ ወረደ፤ ተቆርጦ የተረፈው ክፍል ዛሬ ስቶክሆልም ነው። አርኖልድ ሃውብራከን የተባለው ጸሐፊ በ1718 እንደተረከው፣ አንድ ምስል ቀለሙ ከመወፈሩ የተነሣ በአፍንጫው ይዘው ከመሬት ሊያነሡት ይቻል ነበር እየተባለ ተቀልዶበታል። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ግን የሰው አፍ የት እንዳረፈ ያሳያል።

ታዲያ በዚህ ክርክር መሐል የቆመ ሠዓሊ ራሱን ሲሥል የሚያቀርበው ክርክሩን ነው። ለንደን ኬንዉድ የሚገኘው፣ በ1665 ገደማ የተሠራው ሥዕል ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ያስቆመኛል። ሬምብራንት ነጭ ቆብ አድርጎ ፓሌት፣ ብሩሾችና የእጅ መደገፊያ ዘንግ ይዞ ቆሟል፤ ከኋላው ግድግዳው ላይ የሁለት ትልልቅ ክበቦች ቅስት አለ። ስለ ክበቦቹ ብዙ ተጽፏል፤ የዓለም ካርታ ነው የሚልም፣ ጆቶ አንድ ጊዜ እጁን ሳያነሣ ሣለው የሚባለው ክብ ማስታወሻ ነው የሚልም አለ። እኔ ሁለተኛው ይሻለኛል፤ ሥዕሉ ስለ እጅ ችሎታ ነውና። ግን ከክበቦቹ ይልቅ እጁን ተመልከቱ፦ እጅ የለም። ፓሌቱን የያዘው እጅ ተብሎ የሚታየው ጥቂት ፈጣን የብሩሽ ምቶች ብቻ ነው። በኤክስሬይ ሲታይ መጀመሪያ ላይ መስተዋቱ እንዳሳየው በተገለበጠ መልኩ፣ ሸራው ላይ እየሠራ ሣለው፤ ኋላ አስተካክሎ መሣሪያዎቹን በአንድ እጅ ሰበሰበ። ማስተካከያው ላይ አስቦበታል ማለት ነው። አስቦበትም እጁን ሳያለሰልስ ትቶታል። ፊቱን በዚያ ጥንቃቄ የሠራ ሰው እጁን የተወው ስላልቻለ አይደለም፤ ሥዕል ሠዓሊው ያለቀ ባለው ጊዜ ያለቀ ነው የሚል ሙግት ይዟል። በኪሳራ የተፈረደበት ሰው፣ ከ1660 ጀምሮ የሚሸጠው እንኳ በልጁ በቲቱስና አብራው በምትኖረው በሄንድሪክዬ ስም በተቋቋመ ድርጅት በኩል የሆነበት ሰው፣ ለገበያው ጣዕም አንዲት ጣት እንኳ አላስተካከለም። ግትርነት፣ ኩራት፣ በሥራው ላይ ያለ ጽኑ እምነት፤ እነዚህ የሰውየው ባሕርያት ናቸው፣ ምንጫቸውም ብሩሹ ነው።

ጥበብን ወደ ንግድ አወረድኸው የሚለኝ ይኖራል። ገበያ ያለው ሥራ ሐሰት ነው ከሚል ሐሳብ ካልተነሣን በስተቀር ወቀሳው አይገባኝም። ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችው ሥዕል የሠዓሊውን እምነት ሊይዝ እንደሚችል ሁሉ ሰብሳቢ የሚገዛውም ሊይዝ ይችላል። ይልቅስ የሚከብደኝ ሌላ ነው። በ1669፣ በሞቱ ዓመት የሣለውና በለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው ሥዕል በኤክስሬይ ሲታይ ሬምብራንት መጀመሪያ እጁን ከፍቶ ብሩሽ አስይዞት ነበር፤ ቆቡም የበለጠ ትልቅና ሙሉ በሙሉ ነጭ ነበር። ኋላ ብሩሹን አጥፍቶ ሁለቱን እጆቹን አጣመራቸው፤ ቆቡን አሳነሰ፣ በቀለምም አደበዘዘው። የሙያ ምልክት የሆነው ሁሉ ወጣ፤ ቀይ ካባ የለበሰ ሽማግሌ ብቻ ቀረ። ልጁ ቲቱስ የሞተው ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት ነው። እዚህ ላይ፣ ቢያንስ በዚህ በአንዱ፣ ሙያውን ወደ ጎን አድርጎ ራሱን ብቻ አየ የሚል ካለ መከልከያ የለኝም። ሌላ ንባብም እኩል ይሄዳል፦ በስድሳ ሦስት ዓመቱ ማን መሆኑን ለማሳወቅ ብሩሽ መያዝ አያስፈልገውም፤ የገዢው ዐይን ወፍራሙ ቀለም ላይ ሲያርፍ ያውቀዋል። ለውጡ የተደረገው ሥዕሉ መካከል ላይ መሆኑ፣ ቆቡም እጁም ባንድነት እንዲደበዝዙ መደረጋቸው ደግሞ ብርሃኑ ሁሉ ፊት ላይ እንዲሰበሰብ የፈለገ ሠዓሊ ውሳኔ ይመስላል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የኋለኛውን እመርጣለሁ፤ ፊተኛው ግን ሐሰት ነው አልልም።

ገዢ እስከ መጨረሻው እንዳልጠፋ ደግሞ መዘንጋት የለበትም። የሲሲሊው መስፍን አንቶኒዮ ሩፎ በ1653 ለአንድ የአርስጣጣሊስ ሥዕል 500 ጊልደር ከፍሏል። በ1667 መጨረሻ የቶስካናው አልጋ ወራሽ ኮሲሞ ደ ሜዲቺ አምስተርዳም ሲመጣ ሬምብራንትን ቤቱ ድረስ ሄዶ ጎብኝቶታል። አጎቱ ካርዲናል ሌዎፖልዶ ያኔ ፍሎረንስ ላይ የሠዓሊዎችን የራስ ምስል እያሰባሰበ ነበር፤ የሽማግሌው ሬምብራንትም ምስል ከዚያ ቤተሰብ ስብስብ ገባ። ያ ስብስብ ዛሬ በኡፊዚ ማዕከለ ሥዕል ይገኛል፤ ዘመን እየተሻገረም አዳዲስ ሠዓሊዎች እየገቡበት ቀጥሏል። ከአፍሪካ ቀድሞ የገባው የእኛው የአፈወርቅ ተክሌ የራስ ምስል ነው። «እጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት» በሚል ማዕረግ ካልተጠሩ የማይወዱ ስለነበሩ ብዙ ሰው አፈወርቅን በዚህ ባሕርያቸው ሲያማቸው ኖሯል። ሠዓሊ በእጅ ሥራ ባለሙያነት ብቻ መታየት እንደሌለበት የሚሟገት ሰው ማዕረግ ሲጠይቅ ግን የሚጠይቀው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ ሬምብራንትም የመቶ ዓመት ልብስ አውጥቶ ክንዱን መደገፊያው ላይ ሲያሳርፍ የጠየቀው ይህንኑ ነበር።